«ሒሳብ ስለምፈራ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ልምረጥ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በቅርቡ የትምህርት ክፍል እንመርጣለን። ልቤ ያለው ኮምፒውተር ነክ ትምህርት ላይ ነው፤ ነገር ግን ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የሚለያዩበትን በግልጽ የነገረኝ ሰው የለም። ዶርም ያሉ ሲኒየሮች «ሁለቱም ያው ነው» ይሉኛል። አጎቴ ደግሞ «ሒሳብ ካስቸገረሽ ኢንፎርሜሽኑን ያዢ» ብሎ መክሮኛል። በዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም ነበር። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ሜ.፣ ከወሎ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ሲኒየሮችሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታቤዝና ኔትወርክ በሁለቱም ክፍሎች ይሰጣሉ። ልዩነቱ የሚታየው ሁለቱ ስለ አንድ ነገር የሚያነሡት ጥያቄ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ስለሆነ፣ የኮርስ ዝርዝር ከምንደረድርልሽ በአንዲት ቃል ላይ ብናሳይሽ ይሻላል።

«ፀሐይ» ብለሽ በስልክሽ ጻፊ። አንቺ ሦስት ፊደል ታያለሽ፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። የዓለምን ፊደላት በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት የግዕዝን ፊደል ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛ ዕትሙ ሲሆን፣ በዚያ መዝገብ ውስጥ ፀ 4928፣ ሐ 4624፣ ይ ደግሞ 4845 ናቸው። (ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት የራሱ አሠራር ስለነበረው፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር የተከፈተ ጽሑፍ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣ ነበር።) ቁጥሮቹ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ዘዴ ሲቀመጡ እያንዳንዳቸው 3 ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ይወስዳሉ። ስለዚህ የዚህችን ቃል ርዝመት በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የተለመደው መቁጠሪያ 9 ነው ሲልሽ፣ «ፓይተን 3» የተባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ደግሞ 3 ነው ይልሻል። ለምን ተለያዩ? ቃሏ የት ተቀመጠች? ጊዜና ቦታ ሳይባክን እንዴት ትፈለጋለች? እያለ ወደ ማሽኑ ሆድ ዕቃ የሚገባው ተማሪ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ዳታ ስትራክቸር (የመረጃ አቀማመጥ)፣ አልጎሪዝም (የችግር መፍቻ ቅደም ተከተል)፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም)፣ ቆይቶም ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም) የሚባሉት ኮርሶች የዚሁ ጥያቄ ልጆች ናቸው።

አሁን ደግሞ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ውስጥ አንዱ ሠራተኛ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብለው መዝግበዋል እንበል። ለአንባቢ ሁለቱም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ጸ 4920 እንጂ 4928 ስላልሆነ፣ በአንዱ አጻጻፍ የፈለገ ሰው በሌላው የተመዘገበውን መጽሐፍ ሳያገኝ ይመለሳል፤ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ ሳለ «የለም» ይባላል። ሰዎች መረጃን እንዴት ይጽፋሉ፣ በምን ቃል ይፈልጉታል፣ ከብዙ ሺህ ሰነዶች መካከል የሚጠቅማቸው እንዴት ቀድሞ ይውጣላቸው የሚለው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ጉዳይ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዚህ ትምህርት መነሻ በ1990 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካ የመረጃ ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የተቋቋመው ትምህርት ቤት መሆኑም ከቤተ መጻሕፍትና ከሰነድ ሥራ ጋር ያለውን ዝምድና ያሳያል።

ወደ አጎትሽ ምክር እንመለስ። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም አንስማማበትም። ካታሎጉን የሚያስተካክለው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህች ቃል በስንት ዓይነት ልትጻፍ ትችላለች?» ብሎ ነው። የመጀመሪያው ፊደል በ2 መልክ፣ ሁለተኛው በ6 መልክ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊመጣ ስለሚችል 2 በ6 ተባዝቶ 12 ይሆናል። ይህ እንግዲህ ዲስክሪት ማቲማቲክስ (ተነጣጥለው የሚቆጠሩ ነገሮች ሒሳብ) በሚባለው ኮርስ ውስጥ ያለው የቆጠራ ምዕራፍ ነው። ሰነዶችን እንደ ተፈላጊነታቸው በቅደም ተከተል ለመደርደር ደግሞ ስታቲስቲክስ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከሒሳብ ሽሽት ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የገባ ሰው ሒሳቡን እዚያው ያገኘዋል።

ደግሞስ የምትፈሪው የትኛውን ሒሳብ ነው? ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ካልኩለስ ነው፤ በእነዚህ ክፍሎች ዕለት ተዕለት የሚያጋጥምሽ ግን ሌላ ጠባይ ያለው ሒሳብ ነው። የ«ይ»ን ቁጥር፣ 4845ን፣ ለ8 አካፍዪ፤ 5 ይተርፋል። ከዜሮ ጀምረሽ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ እያልሽ ስትቆጥሪ 5 ላይ ሳድስን ታገኛለሽ፤ ይ ሳድስ ነው። 4928 ለ8 ሲካፈል ምንም አይተርፍም፤ ፀም ግዕዝ ነው። በዩኒኮድ መዝገብ እያንዳንዱ የፊደል ቤት (እንደ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ያለው ረድፍ) 8 ቦታ ስለተሰጠው፣ ወጣ ካሉት ጥቂት ፊደላት በስተቀር፣ አንድ ፕሮግራም በማካፈል ብቻ ፊደልን ከነቤቱ ይለያል። ይህን ስታነቢ ብዕር አንሥተሽ በሌላ ፊደል መሞከር ካማረሽ፣ ኮምፒውተር ሳይንስን ከመምረጥ ወደኋላ አትበዪ። የካታሎጉ ታሪክ የበለጠ ከሳበሽ ደግሞ ኢንፎርሜሽን ሳይንስን ምረጪ፤ ምርጫሽ ግን በፍርሃት አይሁን።

ኮምፒውተር ዘግይተሽ መንካትሽ የሚጎዳሽ ምናልባት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት ነው። በብዙ ቦታ የፕሮግራሚንግ ፈተና በወረቀት ስለሚሰጥ፣ ኮድን በእጅ ጽፎ እያንዳንዱ መስመር ሲሠራ ተለዋዋጮቹ (በኮዱ ውስጥ ዋጋ የሚይዙት ስሞች) ምን ዋጋ እንደሚይዙ በጎኑ መመዝገብ የኮምፒውተር ላብራቶሪ የመግባትን ያህል ይጠቅማል። ከዶርም ጓደኛ አሳይንመንት መገልበጥ ግን አደራ ይቅርብሽ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ያለበት የመውጫ ፈተና አለ፤ የኮምፒውተር ሳይንሱ ፈተና ደግሞ ከመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ኮርስ ጀምሮ ስለሚጠይቅ፣ ያኔ የተገለበጠው ያን ዕለት ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመድቧል። «ጥሩ ላፕቶፕ ካልገዛህልኝ አልማርም» እያለ ነው። ጡረተኛ ነኝ፤ የሚጠራው ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነው። የግድ ነው?
አባት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ክቡር አባታችን፣ ላፕቶፕ መኖሩ በጣም ይረዳዋል፤ ውድ መሆኑ ግን የግድ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚጽፋቸው ፕሮግራሞች ትንንሽ ስለሆኑ 8 ጊጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ) ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃዋል፤ ከፍተኛ ዋጋ የሚጠየቅባቸው የግራፊክስ ካርዶች በአመዛኙ ለጌም ናቸው። እስኪገዙለትም ድረስ የዩኒቨርሲቲውን የኮምፒውተር ላብራቶሪ መጠቀም ይችላል። ሲገዙ ከልጅዎ ጋር አብረው ይሂዱና፣ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት የሚያስፈልገው ባትሪው ስለሆነ፣ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ፊት ቻርጀሩን አስነቅለው ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሠራ ያድርጉት።