ለሐይቅ የሚሄድ ካርቡሬተር

የጀልባ ሞተር መጠገን ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለው ግቢያችን በረንዳ ላይ የጀልባ ሞተር ሲፈታ ያየ ሁሉ «አዲስ አበባ ምን ሐይቅ አላት?» ይለኛል። ሐይቁ ዝዋይ ነው፣ ሐዋሳ ነው፣ ጣና ነው። መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ የሚመጣ ዓሣ አስጋሪ ግን ሞተሩንም አስጭኖ ይመጣል።

ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለውን ካርቡሬተር ቤት ውስጥ ማጽዳት ትችላላችሁ። ብቻ ለማን እንደምትሠሩ አትርሱ። መኪና መንገድ ላይ ቢቆም ባለቤቱ ወርዶ ይገፋዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲያይል መካከል ላይ ሞተር የጠፋበት ሰው ግን የሚወርድበት መሬት የለውም።

ከሁሉ በፊት ቡና የሚፈላበትን ከሰል ከአካባቢው አርቁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ተስቦ እሳቱን ራሱ ፈልጎ ያገኛል። በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ አትሥሩ።

ስትፈቱ የቤንዚንና የአየሩን ቅይጥ የሚያስተካክለውን የምጣኔ ብሎን ከማውጣታችሁ በፊት እስኪነካ ድረስ በቀስታ አጥብቁትና ስንት ዙር እንደሄደ ጻፉ። ጫፉ ሾጣጣ ነው፤ በካቻቢቴ ከገፋችሁት መቀመጫውን ያበላሻል። ላስቲክና ፕላስቲክ የሆነውን ሁሉ አውጥታችሁ ብረቱን ብቻ በካርቡሬተር ማጽጃ ፈሳሽ ዘፍዝፉ።

አሁን ወደ ጂግለሩ እንምጣ። ቤንዚኑን የሚመጥነው ይህ ትንሽ ነሐስ ነው፤ ወራት የተኛ ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ የሚዘጋውም እሱን ነው። ወጣት ሳለሁ አንዱ አልከፈት ቢለኝ በብረት ሽቦ ጎረጎርኩት። ተከፈተ፣ ሞተሩም ተነሣ፤ ደስ ብሎኝ ወደ ዝዋይ ላክሁት። በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቱ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ። ጥላሸት ለብሶ ነበር። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ሽቦዬ ቀዳዳውን አስፍቶት ሞተሩ ቤንዚን ሲጠጣ ከርሟል። የሰውየው የሳምንት ገቢ በእኔ ችኮላ ሄደ። አዲስ ጂግለር በራሴ ገንዘብ ገዛሁለት፤ ኀፍረቱ ግን እስካሁን አለ። ከዚያ ወዲህ በፈሳሽ አርሼ፣ በቀጭን የናይለን ዓሣ ማስገሪያ ክር አሳልፌ፣ በአየር እነፋዋለሁ። በመጨረሻም ወደ ብርሃን አንሥቼ አየዋለሁ። በቀዳዳው በኩል ክብ የሆነ ብርሃን ካላያችሁ አልጸዳም፤ እንደገና ዘፍዝፉ።

በተለይ ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ሆኖ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀል ከሆነ ይህን በልባችሁ ያዙ። ጂግለሩ በከፊል ሲዘጋ የሚቀንሰው ቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ዘይቱም አብሮ ይቀንሳል። ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ የበረታ ይመስላል፤ ከዚያ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል።

ካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን መጠን የሚጠብቀውን ተንሳፋፊ ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፤ ውስጡ ፈሳሽ ከተሰማ ተበስቷል። የቤንዚን መዝጊያው መርፌ ጫፍ ላይ የቀለበት ምልክት ካለ ይለወጥ። ጋስኬቱንም ቀይሩ፤ ፊልትሮውንም እንዲሁ።

ሞተሩን ያለ ውኃ አታስነሡ። የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውኃ ነው፤ ውኃ ሳቢው የላስቲክ ፓምፕ ደርቆ ሲዞር ወዲያው ይበላሻል። እኛ ግቢ ያለውን በርሜል እንሞላለን።

በርሜሉ ውስጥ ጥሩ ድምፅ ሰጠ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ጣና 1,800 ገደማ፣ ዝዋይ ደግሞ 1,600 ገደማ ነው። ዝቅ ሲል አየሩ ይወፍራል፤ እዚህ የተመጠነው ቤንዚን እዚያ ያንሳል። ስለዚህ የመጨረሻው ምጣኔ ሐይቁ ላይ መሠራት አለበት፤ ባለቤቱም እንዴት እንደሚያደርገው ሳታሳዩት አትሸኙት።

እኔ የምጣኔ ብሎኑን የዙር ቁጥር ጽፌ፣ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ የሞተሩ መያዣ ላይ አስርለታለሁ። ባለፈው ዓመት አንዱ ወረቀት ከሞተሩ ጋር ተመለሰ። «አዲስ አበባ፦ አንድ ዙር ተኩል» ከሚለው ከእኔ ጽሑፍ በታች በእርሳስ «ዝዋይ፦ ሩብ ዙር ጨመርኩ፤ ተስማማው» ተብሎ ተጽፎበታል።