«ጁዲሻል» ሲባል ምን ማለት ነው? ጥያቄና መልስ ከፍርድ ቤት ሰነዶች ተርጓሚ ጋር

የፍርድ ቤት ሰነድ ስተረጉም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። «ጁዲሻል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ስንቱን እንዳሳሳተ አይቻለሁ። ዛሬ በእሱ ዙሪያ ከቡድናችን አባላት የመጣውን ጥያቄ ሁሉ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ቃሉን ብቻውን ይዛችሁ አትምጡ። ከጎኑ ያለውን ስም ጨምራችሁ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በአንድ ቃል አማርኛው ምንድን ነው?

መልስ፦ በአንድ ቃል አያልቅም። አብዛኛውን ጊዜ «የዳኝነት» ይሆናል። «ጁዲሻል ፓወር» የዳኝነት ሥልጣን ነው። «ጁዲሻል ሴል» ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚደረግ ሽያጭ ነው። «የዳኝነት ሽያጭ» ካላችሁት ዳኝነቱ ራሱ የተሸጠ ይመስላል። ስሙን እዩ የምለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ «ጁዲሸስ»ስ? ሪፖርት ላይ «ጁዲሸስ ዩዝ» የሚል አግኝቼ «ሕጋዊ አጠቃቀም» ብዬ ተረጎምኩት።

መልስ፦ እህቴ፣ ሪፖርቱ ሳይወጣ ቶሎ አርሚው። «በማስተዋል መጠቀም» ማለት ነው። የሁለቱ ሥር አንድ ነው። በላቲን «ዩዴክስ» ዳኛ ነው፤ ሕግ ወይም መብት ከሚለው «ዩስ» እና መናገር ከሚለው «ዲኬሬ» የመጣ። ዳኛ ሕጉን የሚናገር ሰው ነው ማለት ነው። ታዲያ «ጁዲሻል» ከችሎቱ ጋር ቀረ፤ «ጁዲሸስ» ወደ ጠባይ ሄደ፤ አስተዋይ፣ አመዛዛኝ ሆነ። እናት ለልጇ ጁዲሸስ ምክር ትሰጣለች። በዚህ ግን ምክሩ ጁዲሻል አይሆንም። ችሎት ላይ የተሰጠ ውሳኔ ደግሞ ጁዲሻል ሆኖ ማስተዋል ሊጎድለው ይችላል።

ጥያቄ፦ የ«ጁዲሻል» አነባበብስ?

መልስ፦ «ዲ» ላይ ጠንከር ይበል። መጨረሻው ወደ «ሽል» ይጠጋል።

አንድ አባል፦ ይቅርታ ጋሼ፣ «የዳኝነት» ከምንል «ዳኝነታዊ» ብንል አይሻልም? «ሕጋዊ» እንል የለ?

ሌላ አባል፦ ኧረ ጆሮ ይቆረቁራል! ማነው እንደዚህ ብሎ የሚያወራ?

የመጀመሪያው አባል፦ ለንግግር አላልኩም። ጽሑፍ ላይ ቅጽል ከስም መለየት አለበት።

ሌላ አባል፦ «የ» ምን አጥፍታ ነው? እኔ ሁሉም ነገር ላይ «አዊ» የሚለጥፍ ጽሑፍ ሁለት ገጽ አልዘልቅም።

መልስ፦ «ዳኝነታዊ» ስሕተት አይደለም። እኔ «የዳኝነት»ን የምመርጠው አንባቢ ሳይቆም ስለሚያልፈው ነው። በቃ፣ ወደ ጉዳያችን።

ጥያቄ፦ «ጁዲሻል ኖቲስ» የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ይህን ስለጠየቅክ ደስ ብሎኛል፤ እኔም በጀማሪነቴ የወደቅኩበት ነው። ሰነዱ ፍርድ ቤቱ «ጁዲሻል ኖቲስ» ወሰደ ይላል። እኔ «ማስታወቂያ ወሰደ» ብዬ ጻፍኩ። ያረመኝ ሰው «ወሰደ» የሚለው ሥር በቀይ አሰመረ። ማስታወቂያ ይወጣል ወይም ይሰጣል እንጂ ይወሰዳል እንዴ? ነገሩ ይኸው ነው፦ ፍርድ ቤቱ ማስረጃ ሳይጠይቅ እንደ ተረጋገጠ የሚቀበለው ግልጽ እውነት አለ። አንድ ቀን እሑድ መዋሉን ለማስረዳት ምስክር አይቆጠርም፤ ካላንደር ማየት ይበቃል። «ፍርድ ቤቱ ግንዛቤ ወሰደ» በሉት። ያ ቀይ መስመር እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ ስሙን ብቻ ሳይሆን ግሡንም አያለሁ።

ጥያቄ፦ ስለ ጁዲሻል ሙሉ ማብራሪያ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የትኛው ጁዲሻል? ስሙን ጨምረህ ጻፍ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ «ጁዲሻል ሪቪው» እና ይግባኝ ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ በጣም እንጂ። በይግባኝ የበላይ ፍርድ ቤት የበታቹን ፍርድ ያያል፤ ስሕተት ካገኘ በራሱ ፍርድ ሊተካው ይችላል። በእንግሊዝ «ጁዲሻል ሪቪው» ሲባል ግን በዋናነት የሚመረመረው የመንግሥት አካል የሰጠው ውሳኔ ነው። ዳኛው «እኔ ብሆን እንዲህ አልወስንም ነበር» አይልም። ወሳኙ ሥልጣን ነበረው ወይ? ሥርዓቱን ጠብቋል? ባለጉዳዩን ሰምቷል? ጉድለት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ውሳኔው ይሻርና እንደገና እንዲታይ ይመለሳል። አሜሪካ ላይ ደግሞ ይሰፋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1803 በማርበሪና ማዲሰን ጉዳይ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ሕግ ዋጋ የለውም አለ። ልብ በሉ፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት «ጁዲሻል ፓወር» ይላል እንጂ «ጁዲሻል ሪቪው» የሚል ሐረግ የለበትም። ዳኞቹ ሁለተኛውን ያወጡት ከመጀመሪያው ውስጥ ነው። በአማርኛ «የፍርድ ቤት ክለሳ» ይበቃል። «ይግባኝ» ብሎ መተርጎም ግን አንባቢን ማሳሳት ነው።

ጥያቄ፦ ጁዲሻልና ጁዲሸስ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ «ኤክስትራጁዲሻል» ውስጥ «ኤክስትራ» ያለው ተጨማሪ ለማለት ነው?

መልስ፦ እዚህ ጋ «ውጪ» ማለት ነው። ከፍርድ ቤት ሂደት ውጪ የሆነ። ዜና ላይ ከግድያ ጋር ስለሚመጣ ሰው ቃሉን ራሱን ክፉ አድርጎ ይይዘዋል። ከስምምነት ጋር ሲመጣ ግን ተከራካሪዎች ችሎት ሳይገቡ ታረቁ ማለት ነው። አሁንም ስሙን እዩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የውርስ ክርክር አለብኝ፤ አሸንፋለሁ ይላሉ?

መልስ፦ ጠበቃ አይደለሁም። ጠበቃ አማክር።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ሴኔት «ጁዲሺያሪ ኮሚቲ» ፍርድ ቤት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የሕግ አውጪዎች ኮሚቴ ነው። ለፌዴራል ዳኝነት የታጩትን ይመረምራል። ለንደን ያለው የፕሪቪ ካውንስል (የዘውዱ አማካሪ ምክር ቤት) «ጁዲሻል ኮሚቲ» ግን እ.ኤ.አ. በ1833 በሕግ የተቋቋመ፣ ለተወሰኑ አገሮችና ግዛቶች የመጨረሻ ይግባኝ የሚያይ ችሎት ነው። ሁለቱንም «የፍርድ ኮሚቴ» የሚል ትርጉም ካያችሁ አርሙት።

ጥያቄ፦ «ጁዲሻል ሴፓሬሽን» ፍቺ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ባልና ሚስቱ በፍርድ ቤት ውሳኔ ተለያይተው ይኖራሉ። ጋብቻው ግን ስላልፈረሰ ሌላ ማግባት አይችሉም።