የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሰዓቷ አልሻሻል ያለ ትንሽ ዋናተኛ

ጥያቄ፦ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን የዋና ሥልጠና ትወስዳለች፤ መወዳደርም ጀምራለች። ባለፈው ውድድር በ50 ሜትር የደረት ቀዘፋ ቀድማ ብትገባም፣ ስትዞር ግድግዳውን በአንድ እጇ ብቻ በመንካቷ ውጤቷ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ውድድር በደረሰ ቁጥር ሆዴን አመመኝ ትላለች፤ የነጻ ቀዘፋ ሰዓቷም ለአራት ወራት ፈቅ አላለም። እኔ ሰዓት ይዤ ገንዳው ዳር እቆማለሁ፤ «ፍጠኚ፣ ክንድሽን ዘርጊ» እያልኩም እጮኻለሁ። ሥልጠናውን ወደ አምስት ቀን ባሳድገው ይጠቅማት ይሆን?

አባት

መልስ፦ ለጊዜው ባያሳድጉት እመርጣለሁ። ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ገደማ የሚከብድ በመሆኑ፣ በዋና ፍጥነት የሚገኘው ጉልበት በመጨመር ብቻ ሳይሆን የውሃውን ተቃውሞ በመቀነስ ጭምር ነው። ልጅ ለመፍጠን ስትታገል አብዛኛውን ጊዜ ጭንቅላቷን ቀና ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ ዳሌዋና እግሮቿ ወደ ታች ይሰምጣሉ፣ በሰውነቷ የምትገፋው ውሃም ይበዛል። እንዲህ ያለው ጉድለት ሳይታረም ቀን ቢጨመር፣ የደከመው ሰውነት ስሕተቱን ደጋግሞ ልማድ ያደርገዋል፤ ትከሻዋም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ 25 ሜትሩን በስንት ቀዘፋ እንደምትጨርስ ራሷ እየቆጠረች ለአሰልጣኟ ትንገር። ፍጥነቷ ሳይቀንስ ቁጥሩ ካነሰ፣ ሰዓቱ ገና ባያሳይም ዋናዋ እየተሻሻለ ነው።

የውጤቱ መሰረዝ ያሳዝናል እንጂ አያስደነግጥም። በደረትና በቢራቢሮ ቀዘፋ፣ በመዞሪያውም ሆነ በመጨረሻው ግድግዳውን በሁለት እጅ እኩል መንካት ግዴታ ነው፤ በነጻ ቀዘፋ ግን በአንድ እጅ መንካት ስለሚፈቀድ፣ ጀማሪዎች አንዱን ልማድ ወደ ሌላው ይዘው ይሄዳሉ። ሰውነቷ እንደሟሟቀ፣ ድካም ሳይመጣባት፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ሜትሮችና አነካኩን ብቻ በዝግታ ደጋግማ ብትለማመድ ይታረማል።

የሆድ ሕመሙን እንደ ማመካኛ አይቁጠሩባት፤ በልጆች ላይ ፍርሃት በእውነተኛ የሆድ ቁርጠት ይገለጣል። (ውድድር በሌለበት ቀንም ካመማት ግን ሐኪም ይያት።) እስኪያልፍላት ድረስ ከደረት ቀዘፋው ፋታ አግኝታ በማትፈራው ዓይነት እንድትወዳደር አሰልጣኟን ያነጋግሩ። በኦሊምፒክ 28 ሜዳሊያዎች ያገኘው ማይክል ፌልፕስ እንኳ በልጅነቱ ፊቱን ውሃ ውስጥ መንከር ስለማይወድ፣ መጀመሪያ የለመደው የጀርባ ቀዘፋን ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ። ጭንቅላቷ ውሃ ውስጥ ሳለ የሚጮኹት ምክር ለእርሷ ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው፤ ለመተንፈስ ዞር ስትል የምታየው ግን ሰዓት የያዘውን እጅዎንና የተጨነቀ ፊትዎን ነው። በዚያ ላይ ምክርዎ ከአሰልጣኟ ትእዛዝ ጋር ከተጋጨ፣ ልጅቱ በውድድር መካከል ከሁለት አዛዦች አንዱን ለመምረጥ ትገደዳለች። በሚቀጥለው ውድድር ከገንዳው ጠርዝ ርቀው ከተመልካቾች ጋር ይቀመጡ፤ ስትወጣ ፎጣዋን ያቀብሏት፣ ስለ ውድድሩ ማውራት የምትጀምረውም እርሷ ትሁን። ሰዓቷን ማወቅ ከፈለጉ በኋላ አሰልጣኟን መጠየቅ ይችላሉ።