ለተርኪ አደን ሾትገን፦ ዶቃ፣ መነጽር ወይስ ቀይ ነጥብ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ነው። በወጣትነቴ ከአባቴ በወረስኩት ባለሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ፣ ወደ ባቲ በሚወስደው ቆላ ቆቅና ጅግራ አድኜ አውቃለሁ። የበኩር ልጄ የሚኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ሲሆን፣ እዚያ ፈቃድ አውጥቶ በየጸደዩ የዱር ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ያድናል። ሰሞኑን በስልክ በላከልኝ ፎቶግራፍ ሾትገኑ ላይ እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ የረጅም ርቀት ጠመንጃ መነጽር ተክሎበት አየሁ። እኔ ብትን ፍሬ ለሚተፋ መሣሪያ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ካለችው የማነጣጠሪያ ዶቃ ሌላ አያስፈልግም ባይ ነኝ። እሱ ግን ባለፈው ወቅት በዶቃዋ አልሞ በ12 ሜትር ያህል ርቀት የቆመ ወፍ እንደሳተ ነግሮኝ፣ መነጽር የተከልኩት ለዚህ ነው ይለኛል። ከሁለታችን ልክ የሆነው ማን ነው? ደግሞም ዐይኔ መድከሙን አውቆ ለእኔም አሮጌ ጠመንጃ መነጽር ልላክልዎ ብሎኛል፤ ይህስ ይሆናል?
የልጅ አባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ የተከበሩ አባታችን፣ ልጅዎ ዶቃዋን መተዉ ትክክል ነው፤ በምትኩ የተከለው መነጽር ግን ትክክል አይደለም። እርስዎ ስለ ዶቃዋ የሚሉት ለቆቅና ለጅግራ የሚሠራ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ የተርኪ አደን እርስዎ ከሚያውቁት አደን በምን እንደሚለይ ካላስቀደምን ክርክራችሁ መቋጫ አያገኝም።

በቨርጂኒያ የጸደይ ተርኪ አደን የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ መግቢያ ገደማ ሲሆን፣ በዚህ ወቅት እንዲታደኑ የሚፈቀደው ደረታቸው ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠል ላባ ያላቸው፣ ማለትም በአብዛኛው ወንዶቹ ብቻ ናቸው። አዳኙ ገና ሳይነጋ ጫካ ገብቶ ዛፍ ተደግፎ ይቀመጣል፤ ፊቱንና እጁን ሳይቀር ቅጠል በሚመስል ጨርቅ ይሸፍናል፤ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ የሴቷን ድምፅ እያስመሰለ ወንዱን ይጠራል። ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ወንድ ተርኪ ጥሪውን ሰምቶ በእግሩ ይመጣል፤ ጥቂት ይራመዳል፣ ይቆማል፣ አንገቱን አስግጎ ይቃኛል። የሚተኮሰው ራሱና አንገቱ ላይ ነው፤ ገላው ላይ ከተተኮሰ ወፍራሙ ላባና የደረቱ ሥጋ ፍሬዎቹን ስለሚያስቀሩ ወፉ ቆስሎ ጫካ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ የተርኪ ሾትገን ምንም እንኳ ብትን ፍሬ የሚተፋ ቢሆን፣ አጠቃቀሙ ወደ አንድ ጥይት ጠመንጃ ያደላ ነው። አፈሙዙ ላይ ቾክ የሚባል ማጥበቢያ ይገጠምለታል፤ በአሜሪካ ተርኪ አዳኞች ዘንድም የተለመደው መለኪያ በ36 ሜትር ገደማ ርቀት፣ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ 100 ፍሬ ማሳረፍ ነው።

አሁን ወደ ዶቃዋ እንምጣ። ስፋቷ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ዶቃ ከተኳሹ ዐይን 1 ሜትር ያህል ርቃ ስትታይ፣ በ36 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 11 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ስፍራ ትሸፍናለች። የተርኪ ራስ ከዚህ በእጅጉ ያነሰ በመሆኑ፣ አዳኙ ሊመታው የፈለገው ራስ ከዶቃዋ ጀርባ ተሰውሮ ይቀራል። ይህ ግን ከሁለቱ እንከኖች ቀላሉ ነው።

ከባዱ እንከን ጉንጭን ይመለከታል። ዶቃ ብቻ ባለው ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያ የለም፤ የኋላ ማነጣጠሪያው የተኳሹ ዐይን ራሱ ነው። እርስዎ ቆቅ ተነሥቶ ሲበር ቆመው ጠመንጃውን ወደ ትከሻዎ ባመጡ ቁጥር ጉንጭዎ ሰደፉ ላይ የሚያርፈው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነበር፤ ዐይንዎም ዶቃዋን ትቶ የሚከተለው ወፉን ነበር፤ ለዚህ ዓይነቱ ተኩስ ከዶቃ የተሻለ ነገር ዛሬም አልተገኘም። ልጅዎ ግን መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ወፉ ባልጠበቀው ጎን ከመጣ ወገቡን አጣሞ፣ እንዳይታይ ትንፋሹን ውጦ ነው የሚተኩሰው። በዚህ ሁኔታ ሰው ወፉን አሻግሮ ለማየት ሲል ሳያውቀው ጉንጩን ከሰደፉ ያነሣል። ዐይኑ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል አፈሙዙም በዚያው ልክ ሽቅብ ስለሚያይ፣ ጥይቱ በ36 ሜትር ላይ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ያልፋል። በ12 ሜትር ስሕተቱ ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ነገር ግን በጠባብ ቾክ የወጡት ፍሬዎች በዚያ ቅርበት ገና ስላልተበተኑ አብረው የሚጓዙት ከጡጫ ብዙም በማይበልጥ ስፍራ ታጭቀው ነው። ልጅዎ ከአፍንጫው ሥር የቆመውን ወፍ እንዴት ሊስት እንደቻለ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ሲቀርብ ይቀላል የሚለው ግምት በተርኪ ሾትገን ላይ አይሠራም።

ታዲያ የተከለው መነጽር ይህን ያርምለታል ወይ ቢባል፣ በከፊል አዎን። በመነጽር ውስጥ ያለው መስቀል ከጠመንጃው ጋር አንድ ጊዜ ከተስተካከለ በኋላ የጉንጭ ከፍና ዝቅ ማለት ያን ያህል አያስተውም። የጎጂነቱ መነሻ ማጉላቱ ነው። በ9 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር በ10 ሜትር ርቀት ላይ የሚያሳየው ስፋት ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ወፉ እየቀረበ ሲመጣ መነጽሩን ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መመለስ የረሳ አዳኝ የሚያየው የላባ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ራሱ የት እንዳለ ሲፈልግ ወፉ ነቅቶ ይሄዳል። መነጽሩን ለማዞር እጁን ቢያንቀሳቅስም ተርኪው የሰላ ዐይን ስላለው ያየዋል። ሁለተኛው ጉዳይ ርግጫው ነው። ለተርኪ የሚሠራው ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ከባድ ጥይት ከብዙ የአደን ጠመንጃዎች ይልቅ ትከሻን ይረግጣል፤ ዐይን ወደ መነጽሩ ተጠግቶ እንዲያይ የሚያስገድድ መነጽር ከሆነ ጠርዙ ቅንድብን ይሰነጥቃል። ለሾትገን የተሠሩ መነጽሮች ዐይን ቢያንስ 9 ሴንቲ ሜትር ርቆ እንዲያይ የሚፈቅዱትና የማጉላት ኃይላቸው ከ1 እስከ 4 እጥፍ የሆነው ለዚህ ነው። የረጅም ርቀት መነጽር ለ90 ሜትርና ከዚያ በላይ የተስተካከለ ስለሆነ በቅርብ ርቀት ያዛባል የሚሉም አሉ፤ እውነት ቢሆንም ልዩነቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ ለብትን ፍሬ የሚያስጨንቅ አይደለም።

እኔ ለልጅዎ የምመክረው ምንም የማያጎላውንና በመስታወቱ ላይ ቀይ ነጥብ የሚያበራውን ማነጣጠሪያ ነው። ዐይን ከመስታወቱ የፈለገውን ያህል ቢርቅ ነጥቧ ትታያለች፤ ራስ ትንሽ ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ቢያዘነብልም ነጥቧ ያረፈችበትን ፍሬዎቹ ይመቱታል፤ ሁለቱንም ዐይን ከፍቶ መተኮስ ይቻላል። ከተለመዱት መጠኖች አንዷ የሆነችው ነጥብ በ36 ሜትር የምትሸፍነው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህን ከዶቃዋ 11 ሴንቲ ሜትር ጋር ያነጻጽሩ። እንከን የለሽ ነው ማለቴ አይደለም። በባትሪ ይሠራል፤ ባትሪውም የሚያልቀው ወፉ ሲመጣ ነው ብሎ ማሰብና መለዋወጫ መያዝ ይበጃል። መስታወት በመሆኑም በሐምሌ የደሴ ብርድ ላይ ቆይቶ ቡና ወደሚፈላበት ቤት የገባ ሰው መነጽር ጉም እንደሚለብሰው፣ ከቀዝቃዛ ቦታ ወደ ሞቃት መኪና የገባ ማነጣጠሪያም ይደፈናል፤ መፍትሔው መሣሪያውን ጥይቱን አውጥቶ በውጪው ቅዝቃዜ መጠን በሚቆይበት ስፍራ ማኖር ነው። የዐይን ብሌኑ ቅርጽ የተዛባ ሰው ደግሞ ነጥቧን እንደ ኮከብ ተሰነጣጥቃ ያያታል። ጥፋቱ ከዕቃው ይሁን ከዐይኑ ለመለየት ነጥቧን በስልክ ካሜራ ማንሣት ይበቃል፤ ፎቶው ላይ ድቡልቡል ሆና ከወጣች ዕቃው ደኅና ነው።

ለቀይ ነጥብ ገንዘብ ማውጣት ካልፈለገ ከፊትና ከኋላ የሚገጠም ባለፋይበር ኦፕቲክ ማነጣጠሪያ አለለት። ከፊት አንድ፣ ከኋላ ሁለት የሚያበሩ ነጥቦች አሉት፤ ሦስቱ በአንድ መስመር ካልተሰለፉ ጉንጩ ከቦታው መነሣቱን ይነግሩታል። ባትሪ አያሻውም፣ ጉምም አያሸንፈውም። ዐይኑ ጤነኛ ለሆነ ወጣት ይህ ይበቃል፤ ለእኔ ብጤው ዕድሜው ለገፋ ሰው ግን የኋላዎቹ ነጥቦች ስለሚደበዝዙ አይሆንም።

ከሁለቱ የትኛውንም ቢመርጥ ያልተቃኘ፣ ማለትም ከፍሬዎቹ ማረፊያ ጋር ያልተስተካከለ ማነጣጠሪያ ከዶቃ አይሻልም። ጠባብ ቾክ የገጠመ ሾትገን ፍሬዎቹን ሁልጊዜ አፈሙዙ ባመለከተበት መሐል አያሳርፍም፤ ቾኩ ወይም የጥይቱ ዓይነት ሲቀየር ማረፊያውም ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ወረቀት ሰቅሎ፣ መጀመሪያ በቀላል ጥይት በ18 ሜትር፣ ቀጥሎም ሊያድንበት ባሰበው ጥይት በ36 ሜትር ተኩሶ የፍሬዎቹን መሐል ከነጥቧ ጋር ያገናኝ። ብሎኖቹን በትክክል ማጥበቁንም ይመልከት፤ ርግጫው ያላላው ብሎን ያለበት ማነጣጠሪያ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ይዋሻል።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቀው ይንገሩት። ጠመንጃ ላይ የተተከለ መነጽር አካባቢን መቃኛ አይደለም። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ምን እንደሆነ ለማየት በመነጽሩ የሚያይ ሰው፣ የተጎረሰ መሣሪያ ወደማያውቀው ነገር ደግኗል ማለት ነው፤ እዚያ ያለው ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል። ለመቃኛ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ለብቻው የሆነ መነጽር ይያዝ። የወንድ ተርኪ ራስ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ቀለም ስላለው፣ አዳኞች እነዚህን ቀለሞች እንዳይለብሱ የሚመከሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የእርስዎን ጠመንጃ በተመለከተ መልሴ አይሆንም የሚል ነው። ሁለቱ አፈሙዞች ጎን ለጎን የተሠሩለት አሮጌ ጠመንጃ ለመነጽር መቀመጫ የሚሆን ስፍራ ስለሌለው፣ ብረቱን መብሳት ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ አንድም ጠንቃቃ ባለሙያ አይመክርም። ከዚያም በፊት የወረቀቱ ጉዳይ ይቀድማል። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ አይቻልም፤ በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም ሕግ መሠረት ደግሞ አደን ያለ ፈቃድ አይካሄድም። ልጅዎ ማንኛውንም የመሣሪያ ተጨማሪ ዕቃ በሻንጣ ከመስደዱ በፊት ፖሊስ ዘንድ ሄደው ይጠይቁ። ዐይንዎን ግን ይታዩ፤ የዐይን ሕክምና በሚሰጥበት በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቀርበው፣ አጥርተው ማየት የሚፈልጉት በክንድ ርቀት ያለውን ጽሑፍ ይሁን ወይስ ራቅ ያለውን ነገር ለሐኪሙ ቢነግሩት የሚታዘዝልዎት መነጽር ለዚያ የሚስማማ ይሆናል።

ጥያቄ፦ መነጽር ወፉን አቅርቦ የሚያሳይ ከሆነ በ60 ሜትር ላይ ያለ ተርኪ ለመምታት አይረዳም ወይ? ይህን ያልኩት የአደን ቪዲዮ አይቼ ነው።
ወጣት አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ አይረዳም፤ መነጽሩ የሚያቀርበው ምስሉን እንጂ ፍሬዎቹን አይደለም። የእርሳስ ፍሬ ክብና ቀላል በመሆኑ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል፤ በተጓዘ ቁጥርም ከጓደኞቹ እየራቀ ይበተናል። በዚህ ምክንያት በእርሳስ 36 ሜትር ገደማን እንደ ወሰን መያዝ ልማድ ሆኗል። በቪዲዮ ያየኸው ተኩስ ምናልባት በተንግስተን ፍሬ የተተኮሰ ነው፤ የእርሳስ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ሲሆን፣ ለተርኪ የሚሠራው የተንግስተን ቅይጥ 18 ግራም ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ፍሬዎቹ አንሰውና በቁጥር በዝተው እየተጫኑ እንኳ ኃይላቸውን ይዘው ይርቃሉ፤ ዋጋቸው ግን እጅግ ውድ ነው። ተጠጋግተው ስለሚሄዱም በቅርብ ርቀት የመሳት ዕድሉ ይብሳል፤ ተንግስተን የገዛ አዳኝ ከሌላው ይበልጥ የተቃኘ ማነጣጠሪያ ያስፈልገዋል።