ስማቸው የማይታወቅ ፈጣን ሯጮችን መከታተል ይጠቅማል?

ጥያቄ፦ ማራቶን የምጨርሰው በ4 ሰዓት አካባቢ ነው። ስትራቫ ላይ (ሯጮች ልምምዳቸውን የሚለጥፉበት መተግበሪያ) የምከታተላቸው ግን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ የሚገቡ፣ ብዙ ሰው የማያውቃቸው ሯጮች ናቸው። ጓደኛዬ ይስቅብኛል። «መማር ከፈለግክ ከኬንያዊው የማራቶን ኮከብ ከኪፕቾጌ ተማር፣ እነዚህማ ያልሆነላቸው ናቸው» ይለኛል። እውነት ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?
ሶምሶማ ወዳዱ

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! ኪፕቾጌን ማየት ደስ ይላል፣ እኔም እሱ የሚሮጥ ከሆነ ከቴሌቪዥኑ አልነቀልም። ግን የእሱ ሥራ ሩጫ ነው። ይሮጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ተነስቶ ደግሞ ይሮጣል። አሠልጣኝ አለው፣ ወጌሻ አለው። አንተ ያለህ አለቃ ነው።

«ያልሆነላቸው» የሚለው ደግሞ ትንሽ ያናድዳል። ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ መጨረስ ማለት እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ (3:16) እየሮጡ 42 ጊዜ መድገም ነው። ሟቹ ኬንያዊ ሯጭ ኬልቪን ኪፕተም እ.ኤ.አ. በ2023 ቺካጎ ማራቶን ላይ 2:00:35 ሲገባ ኪሎ ሜትሩን የሮጠው በ2:51 ገደማ ነበር። ልዩነቱ በኪሎ ሜትር 25 ሰከንድ ነው፣ እነዚህ ሰዎች ግን ብዙዎቹ ከሩጫው በኋላ ሻወር ወስደው ቢሮ ይገባሉ። ደግሞ አንዳንዴ ይሆንላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቦስተን ማራቶን ላይ ብርዱና ዝናቡ ብዙ ታዋቂ ሯጮችን ሲያስቀር፣ ያኔ ጃፓን ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረው ዩኪ ካዋውቺ አሸነፈ። በሴቶቹ ሁለተኛ የወጣችው ሣራ ሴለርስ የሆስፒታል ነርስ ነበረች።

አሁን ወደ አንተ። መጀመሪያ እይልኝ የምለው ቀላል ቀናቸውን ነው። በ3:16 የሚወዳደረው ሰውዬ ማክሰኞ ዕለት በ4:30 ሲያዘግም ታገኘዋለህ፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀስ ይላል። ከውድድር ፍጥነቱ ከአንድ ደቂቃ በላይ ዝቅ አለ ማለት ነው። የአንተ የ4 ሰዓት ማራቶን በኪሎ ሜትር 5:41 ነው። የራስህን መዝገብ ክፈትና ተመልከት፤ ማክሰኞ 5:40፣ ሐሙስ 5:38፣ እሁድ 5:45 ከሆነ ሳምንቱን ሙሉ ስትወዳደር ነው የከረምከው። ቀላሉን ቀን ወደ 6:45 ወይም 7 ደቂቃ አውርደው። ሰው ቢያልፍህ ይለፍህ።

ሁለተኛ፣ ከሩጫው ሥር የሚጽፉትን አንብብ። «8 ዙር አስቤ 5 ላይ አቆምኩ፣ ባቴ ያዘኝ» የሚል ሰው ካገኘህ እሱን አትልቀቅ። መቼ ማቆም እንዳለብህ ከዋንጫ ፎቶ አትማርም።

ኪሎ ሜትራቸውን ግን እንዳትገለብጥ። በሳምንት 160 የሚሮጥ ሰው እዚያ የደረሰው በብዙ ዓመት ነው፣ በዚያ ላይ ደግሞ ተፈጥሮ ጨምራለታለች። አንተ በወር ውስጥ ልድረስበት ካልክ ከወጌሻ ጋር ነው የምትተዋወቀው።

ወር ከወር ሕመም የለ፣ ድካም የለ፣ ምርጥ ምርጥ ልምምድ ብቻ የሚለጥፍ ካጋጠመህ ደግሞ ዝም ብለህ እለፈው። ወይ ይዋሻል፣ ወይ የሆነ ፕሮግራም ሊሸጥልህ ነው።