ጥያቄና መልስ፦ መቃብር ያረክሳል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ የምኖረው በከተማዋ ጫፍ፣ ወደ ሱሉልታ መውጫ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ዳገቱ ላይ ወዳሉት አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት እንሄዳለን። ቁጥቋጦ የዋጣቸውን መቃብሮች እየዞርን እናያለን፣ ጽሑፋቸውን እናነባለን፣ ፎቶ እንነሳለን። ሲደክመን ሐውልቱ ላይ ቁጭ ብለን የያዝነውን እየበላን እንጫወታለን። በቀደም አንዱ ጓደኛችን ጎርፍ ያወጣውን አፅም ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። እናቴ ስትሰማ «መቃብር ሰይጣን ይሰፍርበታል፤ ጠበል ሳትጠመቂ እንዳትቆርቢ» አለችኝ። እውነት ረክሻለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ በመቃብር መካከል ስለዞርሽ አልረከስሽም። ይህን ጥያቄ በየጉባኤው እሰማዋለሁ። ከቀብር መልስ «ንጹሕ አይደለሁም» ብለው ከቤተ ክርስቲያን የሚርቁ አሉ። ከሙት ዓመቱ በኋላ የአባታቸውን መቃብር ዞር ብለው ያላዩ አሉ። ምክንያታቸውን ስትጠይቂ ጥላ ይጠጋናል ይሉሻል። ይህ ፍርሃት ነው፤ እምነት አይደለም።

ብዙዎች ዘኍልቍ 19ን ይጠቅሳሉ። አዎ፣ በኦሪት መቃብር የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ይባል ነበር። ግን በዚያው በብሉይ ኪዳን፣ ወደ ኤልሳዕ መቃብር የተጣለው ሬሳ የነቢዩን አፅም ሲነካ ሕይወት አግኝቶ በእግሩ ቆመ (2ነገ 13፥21)። ኋላም ጌታችን ራሱ ወደ መቃብር ወረደ። ማርያም መግደላዊት ገና ሳይነጋ የገሰገሰችው ወደ መቃብር ነው፤ ከሞት የተነሣውን ጌታዋንም ያየችው እዚያው ነው።

ሌሎች ደግሞ ማርቆስ 5ን ያነሣሉ፤ በመቃብር ይኖር የነበረውን ሰው። አጋንንቱ ግን በሰውየው ላይ እንጂ በድንጋዩ ውስጥ አልነበሩም። ደግሞስ መቃብር የሰይጣን ሰፈር ቢሆን አባቶቻችን ሙታንን በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ለምን ይቀብሩ ነበር? በንግሥ ቀን ታቦት ወጥቶ ሲዑድ በዚያው በመቃብሮቹ አጠገብ አይደል የሚያልፈው?

ይህን ያልኩት ለእናትሽ ነው። ለአንቺ የምለው ሌላ ነው። አልረከስሽም ማለት ያደረጋችሁት ሁሉ ደግ ነው ማለት አይደለም። ጠቢቡ «ወደ ግብዣ ቤት ከመሄድ ወደ ልቅሶ ቤት መሄድ ይሻላል» ይላል (መክ 7፥2)። እናንተ ልቅሶ ቤቱን ግብዣ ቤት አደረጋችሁት። ልቅሶ የሄደ ሰው ሬሳ ላይ ይቀመጣል?

የአፅሙ ነገር ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል። ሙሴ ያን ሁሉ ሕዝብ ከግብፅ ሲያወጣ፣ በዚያ ጥድፊያ መካከል የዮሴፍን አፅም ይዞ ወጥቷል (ዘፀ 13፥19)። ጓደኛሽ የቀረጸው አፅም የተጠመቀ፣ ምናልባትም ቅዱስ ቁርባን የተቀበለ፣ እናት ያለቀሰችለት ሰው ነው። ትንሣኤን እየጠበቀ ነው። ለላይክ የሚሆን ነገር አይደለም። ቪዲዮውን ዛሬውኑ ያጥፋው። ከዚያ አብራችሁ ሄዳችሁ ለደብሩ አስተዳዳሪ ንገሩ። እናንተ በእጃችሁ አታንሡት፤ ካህናቱ ጸሎት አድርሰው መልሰው አፈር ያልብሱት።

ግን መሄዱን ተዉት አልልም። ጉለሌ በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ጦርነት የሞቱ የእንግሊዝና የአጋሮቿ ወታደሮች መካነ መቃብር አለ። ወገኖቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው፤ ሣሩ ግን ይታጨዳል፣ ስማቸው ይነበባል። የእኛ አያቶች ልጆቻቸው እዚሁ ከተማ እያሉ ቀጋና እሾህ ውጧቸዋል። ይህ ያስቆጨኛል። እናንተ ወጣቶቹ እግራችሁ እዚያ መድረሱን እንደ ጥሪ እዩት።

ስለዚህ አካሄዳችሁ ይለወጥ። መጀመሪያ ከደብሩ ፈቃድ ጠይቁ። ማጭድ ያዙ፤ ዐረሙንና እሾሁን አጽዱ፣ ጽድና ወይራውን ግን እንዳትነኩ። አሮጌ መቃብር ከላይ ጠንካራ መስሎ ሊደረመስ ይችላልና አትርገጡት። ድንጋዩ ላይ የክርስትና ስም ካገኛችሁ፣ ወልደ ሚካኤልም ይሁን ወለተ ማርያም፣ ቆም በሉና «አቤቱ ነፍሳቸውን ማርልን» በሉ። ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ለካህኑ ስጡ፤ በጸሎት ያስባቸዋል። ተዝካራቸውን የሚያወጣላቸው፣ ስማቸውን የሚያስጠራላቸው ዘመድ ያልቀረላቸው ብዙ ናቸው። ፎቶ ካስፈለገም የጽሑፉን አንሡ፤ ቤተሰቡን ለማግኘት ሊረዳ ይችላል።

ስለ ቁርባኑ፣ የሚከለክልሽ መቃብሩ አይደለም። ስለ ሐውልቱ መቀመጫነትና ስለ ቪዲዮው ግን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ የሚሉሽን አድርጊ። ጠበል ተጠመቂ፣ በረከት ነው፤ የመቃብር ጥላ ማስለቀቂያ ነው ብለሽ ግን አይሁን። ከእናትሽም ጋር አትከራከሪ። አያትሽ የት እንደተቀበሩ ጠይቂያትና በሚመጣው እሑድ አብራችሁ ሂዱ።