መልስ፦ በስደተኛ ተመሥርቶ ለልጅ የተላለፈ የሕንፃ ሥራ ድርጅት

በስደተኛ የተመሠረተና ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የግንባታ ድርጅት ታሪክ ስለጠየቁ፣ የጉዋስታቪኖን ቤተሰብ እጠቅሳለሁ። ራፋኤል ጉዋስታቪኖ በ1881 እ.ኤ.አ. ከስፔን ወደ ኒው ዮርክ የተሰደደው ስሙን ከወረሰው ታናሽ ልጁ ጋር ሲሆን፣ ድርጅቱን ያቋቋመው በ1889 ነው።

ይዞት የሄደው ሀብት የካታሎኒያ (የስፔን ግዛት) ግንበኞች የጣሪያ አሠራር ነበር። ስስ የሸክላ ጡቦች በጠፍጣፋ ጎናቸው ይደረደራሉ፤ የመጀመሪያው ንጣፍ ቶሎ በሚደርቅ ጀሶ፣ ከላዩ የሚደረቡት ደግሞ በሲሚንቶ ስለሚያያዙ፣ ቅስቱ ብዙ የእንጨት ድጋፍ ሳያስፈልገው ራሱን ይሸከማል። ቺካጎና ቦስተን በ1871 እና በ1872 በከባድ ቃጠሎ ስለተጎዱ፣ እሳት የማይበላው ጣሪያ ገበያ አላጣም።

አባት በ1908 ሲሞት ሥራውን የተረከበው ልጅ፣ በእኔ ግምት ከአባቱ የማያንስ ባለሙያ ነበር። በ1909 በኒው ዮርክ የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ጉልላት ሲሠራ፣ ግንበኞቹ የቀደመው ቀን ሥራቸው ላይ ቆመው የዕለቱን ይቀጥሉ ነበር። በኒው ዮርክ ወደብ ባለችው በኤሊስ ደሴት የስደተኞች መመዝገቢያ አዳራሽ ጣሪያም የዚሁ ድርጅት ሥራ ነው (ለስደተኛ ቤተሰብ የሚገባ ሥራ ነው ቢባል አያስነቅፍም)፤ በ1980ዎቹ ሲታደስ ከ28 ሺህ በላይ ከሆኑት ጡቦች መተካት ያስፈለጋቸው 17 ብቻ ነበሩ።

ድርጅቱ በ1962 ተዘጋ። የሠለጠነ ግንበኛ ደመወዝ እየናረ፣ የአርማታ ብረት ያለው ኮንክሪትም እየተስፋፋ በመሄዱ፣ በእጅ የሚደረደረው ጡብ በዋጋ መወዳደር አልቻለም።